አራት የግራ ነጠላ ጫማዎች

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ። በዶርማችን መግቢያ ኮሪደር፣ በተማሪዎች መኖሪያ አስተዳደር ቢሮ በር ፊት፣ አራት ነጠላ ጫማዎች በአንድ መስመር ተደርድረው ነበር። አራቱም የግራ እግር ናቸው። ባለቤቶቻቸው በቦታው አልነበሩም። ሁለት ሰዓት ከአሥራ አንድ ላይ ጫማዎቹም አልነበሩም።

ሪያድ የሄድኩት ለትምህርት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ በሪፖርተርነት ከሠራሁ በኋላ አንድ ዩኒቨርሲቲ የነፃ ትምህርት ዕድል ሰጠኝ፤ ከዕድሉ ጋር አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ የክፍል ጓደኛ አብረው መጡ። ከሕንፃው ነዋሪዎች ሁሉ በዕድሜ ትልቁ እኔ ነበርኩ። ሐበሾቹ ጋሼ ይሉኛል፤ ሌሎቹ በአረብኛ «አሚ» ይሉኛል፣ አጎቴ ማለት ነው። የበሩ ጥበቃ ደግሞ የተማሪ አባት መስዬው ሁለት ሳምንት ሙሉ «ልጅዎን ልጥራልዎት?» እያለ ሲያስቸግረኝ ቆየ። በሦስተኛው ሳምንት የተማሪ መታወቂያዬን ካርዱ እስኪደበዝዝ አገላብጦ አየና «ማሻአላህ» ብሎ አሳለፈኝ።

ዶርሙ ጥሩ ዶርም ነበር። ጉድለቱን ብቻ ከጻፍኩ ሐሰት ይሆንብኛል። ውኃ አይጠፋም፣ መብራት አይጠፋም። ካፊቴሪያው ሩዝ በዶሮ ያቀርባል፤ ለለውጥ ያህል ዓርብ ዓርብ ዶሮ በሩዝ ያደርገዋል። የስፖርት ክፍሉ ውስጥ አራት የመሮጫ ማሽኖች አሉ፤ ሁለቱ ላይ ሰው ሲሮጥ አይቻለሁ፣ ሁለቱ ላይ ፎጣ ሲደርቅ አይቻለሁ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ አውቶብስ ወደ ሙረባዕና ወደ ዲራ ገበያዎች ያደርሰናል። የክፍላችን አየር ማቀዝቀዣ ሪሞቱ ስለጠፋ ሁለት ደረጃ ብቻ ነበረው፤ ሲጠፋ ሪያድ፣ ሲበራ ደብረ ብርሃን። እኔና የክፍል ጓደኛዬ ዓመቱን ሙሉ በሁለቱ ከተሞች መካከል ስንመላለስ ከረምን።

የክፍል ጓደኛዬ የወሎ ሰው ነው። የውኃ ምሕንድስና ሦስተኛ ዲግሪውን ይሠራ ነበር። በአሥራ አምስት ዓመት ስለምበልጠው «እርስዎ» ይለኛል፤ አንቱታው ግን ነፃነቱን አልነካበትም። «ጋሼ፣ ካልሲዎን ቢያጥቡት ምን ይመስልዎታል?» ይለኛል፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

ሚስቱና የአራት ዓመት ልጁ ደሴ ነበሩ። ልጅቱ በእጇ የዳሰሰችውን አባት አታስታውስም፤ ያላት የስልክ አባት ነው። ሁልጊዜ ጀምበር ስትጠልቅ፣ ከመግሪብ ሶላት በፊት ይደውላል። ምስሉ መንተፋተፍ ሲጀምር የልጅቱ ድምፅ ክፍላችንን ይሞላል።

«እማ፣ አባ እየጠፋ ነው። ቻርጅ አድርጊው።»

እሱ ይስቃል። ስልኩ ሲዘጋ ግን ሳቁ ከሚገባው ጊዜ በላይ ፊቱ ላይ ይቆያል፤ ይህን አስተውያለሁ። ሚስቱ ሁለት ዓመት ታግሣለች፤ ሦስተኛውን እንደማትችል ነግራዋለች። ባለትዳር ተማሪዎች የሚኖሩበት ሕንፃ ከእኛ ማዶ ነው። ቤት ካገኘ ቤተሰቡን ማምጣት ይችላል፣ ካላገኘ አይችልም። በየሴሚስተሩ አመለከተ፤ በየሴሚስተሩ «ሞልቷል፣ ኢንሻአላህ በሚቀጥለው» ተባለ።

ስለ ጫማው ልናገር። የልብስ ማጠቢያው ክፍል ከመሬት በታች ነው። እዚያ ያሉት ማሽኖች ጥቂት፣ የሚታጠበው ልብስ ብዙ ነው፤ ማሽኑ እስኪጨርስ ቆሞ መጠበቅ ደግሞ ያሰለቻል። ወደዚህ ሕንፃ በገባን በሳምንቱ የክፍል ጓደኛዬ ችግሩን በአገሩ ዘዴ ፈታው። እኛ አገር ለውኃ ወረፋ ጄሪካን፣ ለቀበሌ ወረፋ ድንጋይ አስቀምጦ መሄድ የተለመደ ነው፤ ድንጋዩ ቆሞ ይጠብቃል፣ ሰውየው ጉዳዩን ይፈጽማል። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ግን ድንጋይ የለም፤ ያለው ሁሉ በሲሚንቶ ተለስኗል። ስለዚህ የግራ ነጠላ ጫማውን ማሽኑ ፊት አስቀምጦ በአንድ እግሩ ጫማ፣ በአንድ እግሩ ካልሲ ደረጃውን ወጣ።

«ለምን ግራውን?» አልኩት።

«ቀኙን ለመስጊድ እፈልገዋለሁ።»

«በአንድ ጫማ መስጊድ ትሄዳለህ?»

«ጋሼ፣ መስጊድ የሚገባው በቀኝ እግር ነው።»

መልሱ ጥያቄዬን አልመለሰም፤ ግን ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

ሌሎቹ መጀመሪያ ሳቁበት። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ኢንዶኔዥያዊ ጫማውን ከእሱ ኋላ አስቀመጠ። ከዚያ ቁመቱ የበር ጉበን የሚያክል ናይጄሪያዊ ታንኳ የመሰለ ጫማውን አመጣ። ከዚያ ቼዝ እንጂ ሰው የማያናግር ታጂክ መጣ። ወር ሳይሞላ ሕንፃው በሙሉ በግራ ጫማ ይሰለፍ ጀመር። ክርክር ሲበዛ ደንብ ያስፈልጋል ተባለ፤ ጋዜጠኛ ስለሆንኩ እንድጽፈው ተጠየቅኩ፤ በአረብኛና በእንግሊዝኛ ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። አምስት አንቀጽ ነበረው። የሚያስፈልገን አራተኛው ነው፦ ጫማውን ያነሳ፣ በማናቸውም ምክንያት ቢሆን፣ ቦታውን ለቋል። ይህን አንቀጽ ቃል በቃል ያጻፈኝ የክፍል ጓደኛዬ ነው። ናይጄሪያዊው ጫማውን አንስቶ ሱቅ ደርሶ መልሶ የድሮ ቦታው ላይ ስላስቀመጠበት ሦስት ቀን አኩርፎት ነበር።

ሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በአስተዳደሩ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። በባለትዳሮች ሕንፃ አንድ ቤት ተለቋል። ማክሰኞ ጠዋት ቢሮው ሲከፈት፣ ማስረጃውን አሟልቶ ቀድሞ ለቀረበ አመልካች ይሰጣል። ከዚያ የማስረጃዎቹ ዝርዝር ይከተላል፤ ኢቃማ የሚባለው የመኖሪያ ፈቃድ፣ የተረጋገጠ የጋብቻ ወረቀት፣ የኮሌጅ ደብዳቤ። የመጨረሻው መስመር «እና ሌሎች እንደ አስፈላጊነቱ» ይላል።

የክፍል ጓደኛዬ ማስታወቂያውን ሦስት ጊዜ አነበበ። ቤቱን ያውቀዋል። የሱዳን ቤተሰብ ነበር የሚኖርበት፤ ሲለቁ በመስኮት አይቶታል፣ ወጥ ቤቱንም ከውጭ ሆኖ በእርምጃ ለክቶታል። ለሚስቱ አልደወለም። «ደግሞ ተስፋ ሰጥቼ ልውሰድባት?» አለኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የግራ ነጠላ ጫማውን አወለቀና በሩ ሥር፣ የመጀመሪያው ሴራሚክ ላይ አስቀመጠው።

አመልካቾቹ አራት ነበሩ፤ እሱ፣ ኢንዶኔዥያዊው፣ ናይጄሪያዊውና ታጂኩ። ሁሉም ባለትዳር፣ ሁሉም ልጅ ያላቸው። አራቱም የልብስ ማጠቢያው ደንብ እዚህም ይሠራል ብለው ተስማሙ፤ እኔን ታዛቢ አደረጉኝ። ምክንያታቸው ሁለት ነው፤ ቤት አልፈልግም፣ እና ሁልጊዜ ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ማስታወሻ ደብተር ይዤ እቀመጣለሁ። ኢንተርኔቱ እዚያ ስለሚሻል ነበር የምቀመጠው፤ ይህን አልነገርኳቸውም።

ጠዋት የሆነው ይህ ነው። ባለጫማዎቹ ቁርስ ላይና ኮፒ ቤት ነበሩ። እኔ ሁለት ሰዓት ከአምስት ላይ ጫማዎቹን ቆጥሬ ሻይ ልቀዳ ሄድኩ። ስመለስ ኮሪደሩ ባዶ፣ ወለሉ እርጥብና የሚያብረቀርቅ ነው። ጫፉ ላይ አንድ በዕድሜ የገፋ የባንግላዴሽ ጽዳት ሠራተኛ ጋሪውን ይገፋል። የዚህ ኮሪደር ሰው ነው፤ ማጠቢያው ክፍል ወርዶ አያውቅም፣ ደንባችንን አላየም። ጫማዎቹስ ብዬ ስጠይቀው በኩራት ወደ መስገጃው ክፍል ጠቆመኝ። ሰዎች ከስግደት ሲወጡ የተምታታባቸው ጫማዎች መስለውት ሰብስቦ መደርደሪያው ላይ አስቀምጧቸዋል። ሥራውን የሚወድ ሰው ስለሆነ ዝም ብሎ አላስቀመጣቸውም። በመጠን ደርድሯቸዋል፤ ከትልቁ ወደ ትንሹ።

ናይጄሪያዊው አንደኛ ሆኖ ነበር። ከሁሉም ትንሽ እግር ያለው የክፍል ጓደኛዬ መጨረሻ ነው።

አራቱ ተጠርተው መጡ። ንግግሩ በአረብኛና በእንግሊዝኛ ቅልቅል ነበር፤ በአማርኛ አስቀምጠዋለሁ።

«እኔ ቅሬታ የለኝም» አለ ናይጄሪያዊው መደርደሪያውን እያየ። «ዕድሜዬን ሙሉ አልጋ ሲያጥረኝ፣ አውቶብስ ሲጠበኝ ኖሬያለሁ። ዛሬ ቁመቴ ሊጠቅመኝ ነው።»

«እግርህ እንጂ ቁመትህ አይደለም» አለ ኢንዶኔዥያዊው።

«ሁለቱ አብረው ነው የመጡት፣ ወንድሜ።»

«ያላ፣ ቀልዱን ተዉት!» አለ የክፍል ጓደኛዬ። ክንዱ ሥር አንድ ወፍራም የፕላስቲክ ፋይል ይዟል። «ሙዲሩ ቢሮውን ሊከፍት ነው። አንደኛው እኔ ነኝ፤ ማስታወቂያው ሲለጠፍ እዚሁ ቆሜ ነበር።»

ታጂኩ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፈተ። «አሚ ጽፎታል» አለ። «ሁሉን ነገር ይጽፋል። ያንብብ።»

«አሚ የሱ የክፍል ጓደኛ ነው» አለ ናይጄሪያዊው። «ደግሞ በማን ፊደል ነው የጻፈው? ከእኛ ማን ያነበዋል?»

ልክ ነበር። ደብተሩ በአማርኛ ነው። ከእኔ ሌላ በዚያ ኮሪደር ላይ አማርኛ የሚያነብ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ቤቱን የሚፈልገው ነው።

«ጓደኛው ከኋላው ቆሞ አብሮ ያንብብ» አለ ኢንዶኔዥያዊው። «አሚ ከተሳሳተ ይናገራል።»

«ስህተቱ ለሱ ካደላ ግን አይናገርም!» አለ ናይጄሪያዊው። ቢሆንም ሌላ መንገድ አልነበረም፤ ተስማማ።

ገጹን ከፈትኩ። የክፍል ጓደኛዬ በትከሻዬ ላይ አጎንብሶ ከእኔ ቀድሞ አነበበ። ትንፋሹ ሲቆም ጆሮዬ ሥር ተሰማኝ።

የተጻፈው እንዲህ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ከስድስት፦ የእኛው፣ ማለትም የክፍል ጓደኛዬ፣ አስቀመጠ። ዘጠኝ ከሃያ ሁለት፦ የእኛው ለውዱእ ጫማውን አነሳ። ዘጠኝ ከሃያ አራት፦ ኢንዶኔዥያዊው አስቀመጠ፤ በሩ ሲከፈት እንዳይመታው ከበሩ አንድ ሴራሚክ አራቀው። ዘጠኝ ከአርባ፦ የእኛው ከስግደት ተመለሰ፣ ጫማውን ከበሩ ሥር፣ ባዶው ሴራሚክ ላይ መልሶ አስቀመጠ። ከዚያ ናይጄሪያዊው፣ ከዚያ ታጂኩ።

የከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት አዛን ሲል እንደማንኛውም ቀን ጫማውን አጥልቆ ወደ መታጠቢያው ሄዷል፤ ለውዱእ፣ ለስግደት ለመታጠብ፣ በባዶ እግሩ መታጠቢያ ቤት የሚገባ የለም። ስለ አንቀጽ አራት ትዝ አላለውም። እኔ አይቼ ጽፌያለሁ። ለምን ያን ጊዜ እንዳልነገርኩት በኋላ ጠይቆኛል። ታዛቢ ዝም ይላል አልኩት። እውነቱ ግን ጻፍኩና ሌላ ሥራ ያዝኩ፤ ጉዳዩን ጽፌ ስጨርስ ያለቀ የሚመስለኝ የሙያ በሽታ አለብኝ።

«ጋሼ» አለኝ በአማርኛ፣ በጣም ዝግ ብሎ። «ሁለተኛዋን መስመር ቢዘሏት ማን ያውቃል?»

«አንተ።»

«እኔማ አልናገርም።»

«አለመናገርህንም እጽፈዋለሁ።»

«ወላሂ፣ ከእርስዎ ጋር መኖር ከፖሊስ ጋር መኖር ነው።»

«ምን ይላል?» አለ ናይጄሪያዊው። «ለምን ይንሾካሾካሉ? አሚ፣ አንብብ!»

እያንዳንዱን መስመር በየተራ ተርጉሜ አነበብኩ። ዘጠኝ ከሃያ ሁለት ላይ ስደርስ ናይጄሪያዊው ሁለት እጁን አጨበጨበ። «አንቀጽ አራት!» አለ። «አንቀጽ አራት! ሦስት ቀን ሙሉ ያኮረፍክብኝ አንቀጽ!»

ሁሉም ወደ ክፍል ጓደኛዬ ዞሩ። ሦስቱ ሰዎች የሚጠብቁት አንድ ነገር ነው፤ ትክክል ነው ወይም አይደለም እንዲል። ፋይሉን ከአንዱ ብብቱ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ልክ ነው የጻፈው» አለ። «ሰዓቱም ሳይቀር።»

ከዚያ ራሱ ወደ መደርደሪያው ሄዶ አራቱን ጫማዎች አመጣ። በበሩ ሥር የኢንዶኔዥያዊውን አስቀመጠ፣ ቀጥሎ የራሱን፣ ቀጥሎ ታንኳዋን፣ ቀጥሎ የታጂኩን። ናይጄሪያዊው ቀልዱን አቆመ። «ወንድሜ፣ በአላህ፣ አዝናለሁ» አለው፤ እጁን ትከሻው ላይ ሲያሳርፍ የክፍል ጓደኛዬ ትንሽ ወረደ። ጽዳት ሠራተኛው ከዳር ቆሞ፣ በደንብ ደርድሮ ያስቀመጠውን መልሰን ወለሉ ላይ ስናወርደው በጣም ቅር ብሎት አየን።

ሙዲሩ ሁለት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ላይ የቡና ፔርሙዙን ይዞ መጣ። ትልቅ ትዕግሥት ያለው ሰውዬ ነው። አራት ጫማና ካልሲ ብቻ ያደረጉ አራት ግራ እግሮች አይቶ ምንም አልጠየቀም፤ በሩን ከፈተና «ያላ፣ መጀመሪያ ማነው?» አለ። ኢንዶኔዥያዊው ጫማውን አጥልቆ ገባ።

እዚህ ላይ ስለ ፋይሉ መናገር አለብኝ፤ ከአንድ ቀን በፊት አሹፌበት ነበር። ሰኞ ማታ የክፍል ጓደኛዬ አልጋው ላይ ወረቀት ሲዘረጋ አየሁት። የጋብቻ ወረቀቱ ዋናውና አምስት ኮፒ፣ ትርጉሙ በማኅተም፣ የትርጉሙ ኮፒ በሌላ ማኅተም፣ የሚስቱ የስምንተኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ ጀርባው ነጭ የሆነ የሦስቱም ጉርድ ፎቶ፣ የልጅቱ የክትባት ካርድ ሳይቀር።

«የክትባት ካርድ ምን ያደርጋል?» አልኩት። «ማስታወቂያው ላይ የለም።»

«ጋሼ፣ እርስዎ በየት አገር ቢሮ ሲዘግቡ ኖረዋል?» አለኝ። «ያልያዙትን እኮ ነው የሚጠይቁዎት።»

ኢንዶኔዥያዊው አሥራ ሦስት ደቂቃ ቆይቶ ወጣ። በሩን ሳይዘጋ በእጁ ያዘው። «የልጄን የክትባት ካርድ ይለኛል» አለ። «ሚስቴ ጋ ነው፣ ጃቫ። ለነገ አስልክልሃለሁ ስለው፣ ዛሬ ያሟላ ካለ ቤቱ የእሱ ነው፣ ኸላስ፣ አለቀ አለኝ።» ከዚያ የክፍል ጓደኛዬን ፋይል አየ፤ ውፍረቱን አየ። «አንተ ይዘሃል፣ አይደል?»

የክፍል ጓደኛዬ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ፤ እኔ ደብተሬን ተመለከትኩ።

«ይዣለሁ» አለ።

«ታዲያ ምን ቆመሃል? ግባ!» አለው ኢንዶኔዥያዊው፤ በሩን የበለጠ ከፈተለት። የክፍል ጓደኛዬ ጫማውን ማጥለቅ ረስቶ ገባ።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየ። ታጂኩ በስልኩ ቼዝ ሲጫወት ናይጄሪያዊው ከጎኑ ሆኖ ያልተጠየቀውን ይመክረዋል። ሦስት ሰዓት ከሃያ አንድ ላይ የክፍል ጓደኛዬ ማኅተሙ ገና ያልደረቀ ወረቀት በሁለት እጁ ይዞ ወጣ። አግዳሚው ላይ ከጎኔ ተቀምጦ ስልኩን አወጣና ደወለ። ደሴ ያነሳችው ልጅቱ ናት።

«አባ፣ ቀን ነው እኮ» አለችው። «ገና አልመሸም። ለምን በራህ?»

«እናትሽን ጥሪልኝ» አላት። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጻፍኩም፤ ተነስቼ ሄድኩ።

ቁልፉን በሳምንቱ ሰጡት። አልጋውንና ፍሪጁን ወደ ማዶው ሕንፃ ስናሻግር ናይጄሪያዊው ፍሪጁን ለብቻው ተሸክሞ ሄደ፤ ኢንዶኔዥያዊው የክትባት ካርድ ምን ዓይነት ፋይል ውስጥ እንደሚቀመጥ እየጠየቀ ከኋላ ተከተለ። በሴሚስተሩ መጨረሻ ሌላ ቤት ተለቀቀ፤ ያን ጊዜ የኢንዶኔዥያዊው ካርድ ፋይሉ ውስጥ ነበር። እኔ ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ቀረሁና ያለ ተቃዋሚ አየር ማቀዝቀዣውን አጥፍቼ ደብረ ብርሃንን ዘጋሁ።

ቪዛው ሌላ ሁለት ወር ፈጀ። አውሮፕላን ማረፊያ አልሄድኩም፤ ፈተና ነበረኝ። ልጅቱ መጀመሪያ ቀን አባቷን ዙሪያውን ዞራ ቻርጅ የሚሰካበትን ቀዳዳ ስትፈልግ እንደነበር ሰምቻለሁ። የነገረኝ ግን አባቷ ራሱ ስለሆነና ሌላ ምስክር ስላላገኘሁ ያልተረጋገጠ ብዬ ይዤዋለሁ።

በመጡ በሁለተኛው ቀን፣ ሐሙስ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ ልጠይቃቸው ሄድኩ። በሩ ፊት፣ ምንጣፉ ላይ ሦስት ጥንድ ጫማ ነበር። የትንሿ ጥንድ ቀኙ በግራ በኩል፣ ግራው በቀኝ በኩል ተቀምጦ ነበር።